ባለወይራው ብሩሽ

ጌጡ ወደ እህቱ ልጅ ሠርግ ቤት ከመውጣቱ በፊት ብሩሹን ከጎታው ኋላ ደበቀው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ በጎታውና በግድግዳው መሃል አስገብቶ ወሸቀው። በራፉ ላይ ከደረሰ በኋላ እንኳ አላመነም፤ ተመልሶ አየው። ከዚያ ነው ጋቢውን ደርቦ፣ አዲሱን ምላጭ ከነወረቀቱ ኪሱ ከቶ የወጣው። መንገዱን ሙሉ "ውይ፣ ረስቼው መጣሁ! ውይ፣ ረስቼው!" እያለ ይለማመዳል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ የሚያድር፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ ስሙ በደግ የሚነሳ ሰው፣ ውሸት ሲያጠና ይታያችሁ እስቲ!

ነገሩ ደግሞ የጺም መላጫ ብሩሽ ነው። በብሩሽ ምክንያት ሰው እንዲህ ይጨነቃል ብትሉኝ እኔም አላምንም ነበር።

ብሩሹን የሠራው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ለጉዳይ ንፋስ መውጫ ወጥቶ ጸጉር ቤት ገባና አስተካካዩ በፕላስቲክ ብሩሽ ሳሙና ቀባው። ብሩሹ ያረጀ ነው፤ ጸጉሩ እየረገፈ ጉንጩ ላይ ይለጠፋል። ቢሆንም ጌጡ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጺሙን በቀዝቃዛ ውሃና በቁራጭ ሳሙና እያሸ፣ እየቆረጠው፣ እየደማ ነው የኖረው። "እንዲህም አለ ለካ!" አለ። ወደ ቤቱ ሲመለስ የሄደበት ጉዳይ ምን እንደነበር እንኳ ረስቶታል።

የወይራ ሥር ፈልጎ አመጣ። በመጥረቢያ አሳሳው፣ በቢላ ቀረጸው፣ በሞረድ ፋቀው፣ በጠርሙስ ስባሪ አለሰለሰው፣ የኑግ ዘይት እያጠጣው ሰነበተ። ወገቡ ላይ አውራ ጣቱ የምታርፍበት ጎድጎድ ያለች ቦታ አወጣለት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን ሲፈታ፣ ሙቅ ውሃ በጣሳ ይዞ ደጁ ላይ መቀመጥ ሆነ። ብሩሹን ይነክራል፤ ሳሙናው ላይ ያዞረዋል። አረፋው መጀመሪያ ቀጠን ይላል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ በመጨረሻ እንደ እርጎ ይረጋል። ያንን ሙቅ ነገር ከአገጩ ጀምሮ ወደ ላይ ሲያዞረው፣ እሰይ! የሳምንቱ ድካም ከፊቱ ላይ ተገፎ ይሄዳል። ሚስቱ እመቤት "አንተ ሰው፣ ልትላጭ ነው ወይስ ልትተኛ?" እያለች ትስቅበታለች። እሱ አይመልስላትም፤ ምላጩን ለማንሳትም አይቸኩልም።

ጥሩ ነገር ደግሞ ብቻውን አይበላም። ዛሬ ጎረቤት፣ ነገ የጎረቤት አማች እያለ ብሩሹ አገር ለአገር ዞረ። ለበዓል የሚላጭ ሁሉ "ጌጡ፣ እስቲ ያቺን ነገር!" ይላል። የሚያላግጥበት አንድ ዋለ የሚባል ጎረቤቱ ብቻ ነበር። "አረፋ የሴት ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ በደረቁ ነው የሚላጨው" ይላል ዋለ፣ ጉንጩ ሁልጊዜ ተቧጥሮ።

ሁሉም ታዲያ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። "ጸጉሩስ የምንድን ነው?"

"የበቅሎ ጭራ" ይላል ጌጡ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ።

የበቅሎ ጭራ አልነበረም። የበቅሎውን ሞክሮታል፤ ውሃ አይዝም። የፍየሉንም ሞክሮታል፤ ሲርስ ይተኛል። ነሐሴ ላይ የሞፈር እንጨት ፍለጋ ቆላ ወርዶ ሳለ ነው፣ ሰዎች በቆሏቸውን ሲፈነቅል ያገኙትን ከርከሮ ገድለው ገደል አፋፍ ላይ ጥለውት ያየው። ከአንገቱ እስከ ጀርባው ያለው ጋማ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ስንጥቅ ስንጥቅ ያለ ነው። ጌጡ ግራና ቀኝ አየ። ሰው የለም። ቢላውን አወጣ።

በእንዶድ አጠበው፣ ቀቀለው፣ ደግሞ አጠበው፣ ለፀሐይ ሰጠው። በሰምና በሙጫ አድርጎ ወይራው ውስጥ ተከለው። "አልበላሁት፤ ጸጉር ነው" አለ ለራሱ። ለራስ መናገር ምን ይከብዳል! በዚያ አገር ግን ከርከሮ ማለት እንኳን ፊት ሊቀቡበት፣ ማዕድ ላይ ስሙን ያነሳ ሰው ይገላመጣል። ለእመቤት እንኳ አልነገራትም።

እንዲያ እያለ ገና ደረሰ። በዋዜማው የንስሐ አባቱ መምሬ ወልደ ሰንበት በደጁ ሲያልፉ ቆሙና ጥምጥማቸውን ፈቱ። "ጌጡ፣ በዚያ በምታዞረው ነገር እስቲ ራሴን ላጭልኝ፤ ሌሊት ቅዳሴ አለብኝ" አሉት። ምን ይበል? "አይ አባቴ፣ ለእርስዎ አይሆንም" ቢል "ለምን?" ሊሉ ነው። የቄሱን ራስ በከርከሮ ጸጉር አረፋ ቀባ። እሳቸው "ተባረክ ልጄ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ" እያሉ ተላጭተው ሄዱ፣ ሌሊቱንም ቀደሱ። ጌጡ ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለውም። ብሩሹን ሊጥለው ያነሳዋል፣ ወይራውን ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰው ሲባል እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ጥር ገባና የእህቱ የየኔነሽ ልጅ ዲያቆን ይስሐቅ ሊያገባ ሆነ። ጌጡና እመቤት ልጅ አልወለዱም። ይስሐቅ ግማሽ ዕድሜውን ያደገው እነሱ ቤት ነው፤ ሲታመም ጠበል የወሰደው ጌጡ ነው፣ ማኅሌት ሲቆም የመጀመሪያ መቋሚያውን የጠረበለትም እሱ ነው። ልጁ ነገ ከጽዮን ጋር በተክሊል ይጋባል፤ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ከሠርጉ በኋላ ቅስና ተቀብሎ ጺሙን ያሳድጋል፤ ስለዚህ የዛሬው መላጨት የመጨረሻው ነው። የኔነሽ ይህንን አስባ፣ "ልጄን የሚላጭልኝ ወንድሜ ነው፤ በዚያ በታወቀው ብሩሹ!" ብላ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች።

ለሌላው ይሁን። ነገ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል አፍ ዙሪያውን በከርከሮ ተቀብቶ ይቅረብ? ጌጡ ይህቺን አልደፈረም። እውነቱን ቢናገር ደግሞ፣ መምሬን አርክሶ ቤተ መቅደስ ያስገባ ሰው ተብሎ ነው የሚቀረው። እናም ብሩሹ ከጎታው ኋላ ገባ።

በዙሪያው መንገድ ሲያዘግም ቆይቶ ሠርጉ ቤት ሲደርስ ዳሱ ሞልቷል። በአንድ ጥግ ሥጋ ይዘለዘላል፣ በሌላው ሴቶች እልል ይላሉ። ዳሱ አፍ ላይ ሦስት ጉልቻ ተቀምጦ ውሃ ይፈላል። ይስሐቅ ነጭ ጋቢ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መምሬ ወልደ ሰንበት ከፍ ካለው መደብ ላይ ናቸው።

"መጣ! መጣ ላጩ!" አለች የኔነሽ። አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ደስታው ፊቷን አብርቶታል። ወንድሟን አንገቱን ይዛ ሳመችውና "የታል ብሩሹ?" አለችው።

"ውይ!" አለ ጌጡ፣ ደረቱን መታ አድርጎ። "ረስቼው መጣሁ! እንዲያው ይሄ ጭንቅላቴ… ግድ የለም፣ በእጄ አርጌ እቀባዋለሁ።"

ከሴቶቹ መሃል ሳቅ ተሰማ። እመቤት ናት። ማለዳ ነው ለወጥ ሥራ ቀድማው የመጣችው፤ ከዚያ ግን ከሰዓት በርበሬ ልታመጣ በአቋራጭ ወደ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። እጇን መቀነቷ ውስጥ አስገባች።

"እኔ አውቄብህ!" አለች፣ የተጠቀለለውን ጨርቅ ከፍ አድርጋ። "እንደምትረሳው አውቄ ነበር። በርበሬውን ሳወርድ ከጎታው ኋላ ወድቆ አገኘሁት። እኔ ባልኖርልህ ምን ይውጥህ ነበር?"

እልልታው ቀለጠ። ብሩሹ ከእመቤት ወደ የኔነሽ፣ ከየኔነሽ ወደ እሱ እጅ መጣ፤ አውራ ጣቱ ሳያስበው የለመዳት ቦታዋ ላይ አረፈች። ሙቅ ውሃው በጣሳ ቀረበ። ሳሙናው ተቀመጠ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ አዳነ የሚባለው የንፋስ መውጫ መምህር፣ ስልኩን አውጥቶ "ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ጀምሩ ጋሽ ጌጡ" አለ።

"ለዚህ ልጅ ይሄ አይሆንም" አለ ጌጡ። "አርጅቷል። ጸጉሩ ይረግፋል።"

"የት ረገፈ?" አለች የኔነሽ ጎተት አድርጋ እያየች። "ደህና ነው እንጂ!"

"ፊቱን ይቧጭረዋል። ለነገ ቆስሎ ይቅረብ?"

"ለማን ቧጭሮ ያውቃል? አገሩን ሁሉ ያለሰለሰ ብሩሽ የእኔን ልጅ ሲሆን ይቧጭራል?" ድምጿ ላይ ያለው ጨዋታ ቀነሰ። "ጌጡ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም። በእጄ ይሻላል አልኩሽ እኮ እትየ።"

መምሬ ወልደ ሰንበት ከመደቡ ላይ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። "ኧረ ጌጡ፣ እኔን ለገና የላጨኸኝ በእሱ አይደለም እንዴ? እንደ ሐር ነው። የበቅሎ ጭራ አይደል ያልከኝ?"

ይኸው መጣ! ቄሱ፣ የንስሐ አባቱ፣ በመቶ ሰው ፊት። "አዎን" ካለ ደግሞ ዋሸ፤ "አይደለም" ካለ አለቀለት። ጌጡ ብሩሹን ጭብጥ አደረገው።

"ጋሽ ጌጡ ፈርተው ነው" አለ አዳነ እየሳቀ። ስልኩን ለሌላው ሚዜ አቀበለና ብሩሹን ከጌጡ እጅ ላፍ አደረገው። "ካሜራ ያስፈራል፤ ልክ ነው። እኔ አረፋውን ልቀባ፣ እርስዎ ምላጩን ይያዙ!"

ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረ። ሳሙናው ላይ አዞረው። ብሩሹ ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ አረፋው ወዲያው ተነሳ፣ ወፈረ፣ ከጣሳው ተርፎ በአዳነ ጣቶች ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ይስሐቅ ፈገግ ብሎ አገጩን ቀና አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አዳነ ጎንበስ አለ። ብሩሹ ወደ ልጁ ከንፈር ተጠጋ።

ጌጡ ምን እንዳደረገ በኋላ ሲጠይቁት አያስታውስም። የአዳነን ክንድ መነጨቀ፤ ብሩሹን ቀማው፤ እሳቱ ውስጥ ወረወረው።

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። አረፋው ፍሙ ላይ ጭስ አለና ጠፋ፣ ጸጉሩ ተኮማተረ፣ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ዳሱን ሞላው። ከዚያ የወይራው ሽታ መጣ። ማንም ሊያወጣው እጁን አልዘረጋም። የሙሽራ ዕቃ በሠርጉ ዋዜማ እሳት ሲገባ አይቶ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያዋ የኔነሽ ነበረች። ስትናገር ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ያ ነው የባሰው።

"አሟረትክበት" አለች። "በገዛ ደጄ ልጄን አሟረትክበት።"

"እትየ፣ እኔ…"

"ዝም በል! እኔ ሞኟ ወንድሜ ብዬ! ለሌላው ሰው ሁሉ ሰጥተህ ለእኔ ልጅ ስትሠሥት ምን ነካው እላለሁ። ለካ ዓይንህ ቀልቷል! ለካ የሰው ልጅ ሲዳር ማየት አልቻልክም!" አሁን ጮኸች። "እግዚአብሔር ልጅ የነሳህ አውቆ ነው! ሆድህን አይቶ ነው!"

ጌጡ ብዙ ነገር ለመስማት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይህቺን ግን አልጠበቃትም። ወደ ሚስቱ ሊያይ ፈለገና አልቻለም። ጋቢውን ሰበሰበ፣ ከዳሱ ወጣ።

ከቤቱ ጓሮ የጭድ ክምር አለ። እሱ ሥር ተቀመጠ። እንባም አልመጣለትም። ልቡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ ልጁን አልነካውም። ይበሉኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ልጁን ግን አልነካውም።

የእግር ኮቴ ሰማ። ይስሐቅ ነው፤ ጋቢው እንደተንጠለጠለ፣ ጺሙ እንዳለ፣ ፊቱ ጥቁር ብሎ።

"አጎቴ፣ ምን ነካዎት?"

"ወደ ሰዉ ተመለስ። ሙሽራ ጓሮ አይቆምም።"

"አልሄድም። እርስዎ እኔን አያሟርቱም። በጀርባዎ አዝለው ጠበል ያመላለሱኝ ሰው ነዎት። ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።"

ጌጡ ጭዱን ነጨ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለትና ቀና አለ። "ነገ ከነገ ወዲያ ቄስ መሆንህ አይደል? የመጀመሪያው ንስሐ የእኔ ይሁን። አሁን ልናዘዝልህ፤ ከዚያ ሆድህ ውስጥ ትቀብረዋለህ። ለማንም አትናገርም። እናትህም እንዳለችው ትኑር።"

ይስሐቅ አልመለሰም። ዝምታውን ጌጡ እሺ ብሎ ተቀበለውና ሁሉንም አፈሰሰው፤ ከርከሮውን፣ ገደሉን፣ የበቅሎ ጭራውን ውሸት፣ የገናን ዋዜማ፣ የመምሬን ራስ። "አንተን እንዳይነካህ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሌላ መንገድ ጠፋኝ። ያም ልጅ ቀማኝ፤ አፍህ ዘንድ ደርሶ ነበር።"

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል። "ዲያቆን ንስሐ አይቀበልም፣ አጎቴ" አለ።

"እንዴት?"

"ንስሐ የሚቀበል ቄስ ነው። እኔ ዛሬ ገና ዲያቆን ነኝ። ስለዚህ የሰማሁትን መናገር እችላለሁ።"

"አንተ ልጅ! አብደሃል?" ጌጡ የጋቢውን ጫፍ ይዞ አልለቅም አለ። "መምሬ በሰው ፊት ቢዋረዱ፣ ነገ አልቀድስም ቢሉ፣ ተክሊልህስ? የጽዮን ዘመዶች ምን ይላሉ? ተወው! እኔ ለምጄዋለሁ፣ ይበሉኝ!"

"እናቴ ያለችውን ሰምቼ፣ ዝም ብዬ አክሊል ልድፋ?" አለ ይስሐቅ። ጋቢውን ከጌጡ እጅ ቀስ ብሎ አስለቀቀና ሄደ።

ጌጡ ተከትሎት ሮጠ፤ አልደረሰበትም። ዳሱ አፍ ላይ ሲደርስ ልጁ ተናግሮ ጨርሷል። አንድም ነገር አላስቀረም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "እትፍ! እትፍ!" እያለ አፉን ይጠርጋል። አንዱ ደግሞ ጉንጩን በጋቢው ያሻል፣ ያሻል። አዳነ አረፋ የነካውን እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ቆሟል። የሁሉም ዓይን ግን መደቡ ላይ ነው።

መምሬ ወልደ ሰንበት ጥምጥማቸውን ፈቱ። ራሳቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ለገና" አሉ።

"አዎን አባቴ" አለ ጌጡ። መሬት ላይ ወደቀ። "እኔ ነኝ የበደልኩ። እርስዎ አያውቁም፤ ልጁም አያውቅም። የእኔ ኃጢአት ነው። የነገውን በእኔ ምክንያት አይከልክሉት።"

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጌጡ ግንባሩን ከአፈሩ ላይ አላነሳም። ነገ ሙሽራ የሌለበት ዳስ፣ የተመለሰ አክሊል፣ በአርብ ገበያ "ያ ባለከርከሮው" እየተባለ ሲያልፍ፣ ሁሉም ታየው። ጉልቻው ላይ የተጣደው ውሃ ብቻ ይንተከተካል።

"ኦሪት እንኳ" አሉ መምሬ በመጨረሻ፣ "'በድኑን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ይሁን' ነው የምትለው። እስከ ማታ። ገና ካለፈ ስንት ማታ መሸ?"

ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

"ጸጉሩ መሽቶበታል። ውሸትህ ግን ገና አልመሸበትም፣ ጌጡ። ለአባትህ ዋሽተሃል። የነነዌን ጾም ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትውላለህ፤ ስግደቱን ያኔ እነግርሃለሁ። ተነስ።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "ጠበል አምጡ። በዚያ ነገር የተቀባችሁ ሁሉ ኑ፤ ልርጫችሁ። የነገው ቅዳሴ እንዳለ ነው።"

ሰዎቹ እየተያዩ፣ እየተገፋፉ ወጡ። ይበዛሉ፤ ጌጡ ራሱ እንዲህ ይበዛሉ ብሎ አላሰበም። በመጨረሻ ዋለ፣ ያ በደረቁ ላጩ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሰልፉ ጫፍ ገባ።

"አንተም?" አለው አንዱ።

"አንድ ቀን ብቻ ነው" አለ ዋለ። "ዝም በል ወዲያ!"

ሳቁ ከዳር ዳር ፈነዳ፤ መምሬም ጠበሉን እየረጩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጌጡ ግን አልሳቀም። እህቱን ይፈልጋል። የኔነሽ ዳሱ ውስጥ የለችም።

ከዚያ ከካቡ በኩል ስትመጣ አያት። ከካቡ ላይ ድንጋይ ነቅላ ማጅራቷ ላይ ተሸክማለች። ታላቅ እህት፣ የሙሽራ እናት፣ በልጇ ሠርግ ዋዜማ። አፈሩ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ይራገፋል። ሳቁ በየአፉ ደረቀ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

ጌጡ ሊያወርድላት ሮጠ። "እትየ ተይ! ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ብያለሁ እኮ!" እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ።

የኔነሽ አልሰጠችውም። በአጠገቡ አለፈችው። እንዳጎነበሰች በሴቶቹ መሃል ገብታ፣ የበርበሬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከቆመችው ከእመቤት እግር ሥር ተንበረከከች።

ያን ጊዜ ነው ጌጡ የገባው። ቃሉ የተወረወረው በእሱ ላይ ነው፤ ያረፈው ግን እሷ ላይ ነበር። እሱ ሲከፋው ጭድ ክምር ሥር ሄዶ ተቀመጠ፤ እመቤት ግን ያንን ሰምታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ፊት፣ እዚያው ቆማ ነው የዋለችው። ብሩሹን ከጎታው ኋላ አውጥታ ያመጣችው እሷ፤ በልጅ ማጣት የተሰደበችው እሷ። አንድም ሰው ወደ እሷ ዞር አላለም፤ እሱ ራሱ እንኳ። አፈረ።

"እመቤት" አለች የኔነሽ፣ ፊቷ ወደ መሬት እንደሆነ። ሌላ ቃል ልትጨምር ሞከረችና አቃታት። ድንጋዩ ማጅራቷ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሽማግሌዎቹ "ይቅር በይ፣ ይቅር በይ" ማለት ጀመሩ፤ መምሬ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። እመቤት ያንን ጎንበስ ያለ ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጌጡ የሚስቱን ፊት ሲያይ ምን እንደምትል ሊገምት አልቻለም፤ ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ እንኳ።

በመጨረሻ ጎንበስ አለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችው፣ ከብዷት እቅፏ ውስጥ አስጠጋችው፣ ወስዳ ከጉልቻው አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። "አልረሳውም ግን፣ እትየ። ዛሬ አልረሳውም።"

"አትርሺው" አለች የኔነሽ እያለቀሰች።

እመቤት ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፤ ከቀሚሷ ላይ አፈሩን አራገፈችላት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ምን ቆመሃል?" አለችው። "ውሃው ሳይቀዘቅዝ ልጃችንን ላጨው እንጂ!"

የኔነሽ "ልጃችን" ስትባል ሰምታለች፤ አዎን አዎን እያለች ራሷን ነቀነቀች። ይስሐቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጌጡ ሳሙናውን በእርጥብ መዳፉ ማሸት ጀመረ።